የቴኒስ ጫማ ዳኛው ማን ነው? ከእንግሊዝ ሣር ሜዳ እስከ ጊኮምባና መርካቶ

ዛሬ የምናወራው በሁላችንም እጅ ስላለፈ ዕቃ ነው። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን «ቴኒስ ሹዝ» ይሉታል። ናይሮቢና ዳሬሰላም ውስጥ «ራባ» ነው፤ ቃሉ የመጣው ከጎማው ነው። እኛ ደግሞ ከጨርቁ ተነሥተን «ሸራ ጫማ» ስንለው ኖረን፣ አሁን አሁን «ስኒከር» ማለት ጀምረናል። ስሙ ይለያይ እንጂ ደንበኛ ሁልጊዜ የሚጠይቀን ሁለት ነገር ነው፦ «ይመቻል ወይ? ስንት ጊዜ ያገለግላል?»

ለዚህ ጥያቄ የምንሰጠው መልስ ቀላል ነገር አይደለም። ጫማው በሁለት ሳምንት ሶሉ ቢለቅ አምራቹ ቻይና ወይም ቬትናም ነው ያለው፤ የሚያገኘው የለም። ጉዳቱ የሚወድቀው የዕቁብ ገንዘቧን አውጥታ ዕቃውን ባመጣችው ነጋዴና ቀኑን ሙሉ ቆሞ በሚሠራው ገዥ ላይ ነው። ስለዚህ ጫማን መዳኘት እንዴት እንደተጀመረና ማን ይዳኝ እንደነበር ማወቁ ለንግዳችንም ለእግራችንም ይጠቅማል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ዳኛው ሣሩ ነበር

ጥሬ ጎማ ለጫማ አይሆንም ነበር። ሲሞቅ ይለጠፋል፣ ሲበርድ ይሰነጠቃል። በ1839 አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድይር ጎማን ከድኝ ጋር አድርጎ ሲያሞቀው ጠንካራም ተጣጣፊም እንደሚሆን ደረሰበት፤ በ1844 ደግሞ የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። ከዚያ በኋላ ነው ሸራን ከጎማ ጋር አጣብቆ ቀላል ጫማ መሥራት የተቻለው። እንግሊዞች ጫማውን መጀመሪያ ባሕር ዳርቻ ላይ በአሸዋ ለመሄድ ይጫሙት ነበር።

ይህ ጫማ እንግሊዝ ውስጥ ያገኘው ስም እንደ እኛ ዕቃ በመርከብ ለሚያስጭን ሰው የሚጥም ነው። ሳሙኤል ፕሊምሶል የሚባል የፓርላማ አባል ነበር። መርከቦች ከአቅማቸው በላይ እየተጫኑ ከነመርከበኞቻቸው ይሰምጡ ስለነበር፣ በየመርከቡ ጎን የጭነት ልክ የሚያሳይ መሥመር እንዲደረግ ታገለ። ሕጉ በ1876 ወጣ። ሸራውና ጎማው የሚገናኙበት የጫማ ጠርዝም ያንን መሥመር ስለሚመስል ጫማው «ፕሊምሶል» ተባለ። ውኃው ከመሥመሩ ካለፈ መርከቡም እግሩም ይርሳል ማለት ነው።

በዚያው ዘመን፣ በ1874፣ ዋልተር ክሎፕተን ዊንግፊልድ የተባለ እንግሊዛዊ መኮንን የሣር ላይ ቴኒስን ሕግና ዕቃ በፈጠራ መብት አስመዘገበ። በ1877 የመጀመሪያው የዊምብልደን ውድድር ተደረገ። ተረከዝ ያለው የቆዳ ጫማ ሣሩን እየቦረቦረ ሜዳውን ያበላሽ ነበርና ተጫዋቾች ወደ ጠፍጣፋው የጎማ ሶል ዞሩ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ጫማው የተመረጠው እግር ስለተመቸው ብቻ አልነበረም። ሣሩ እንዳይጎዳ ነው። የመጀመሪያው ዳኛ ሜዳውና የሜዳው ባለቤት ነበሩ።

ያ ዳኝነት ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልቀረም። ዊምብልደን ላይ ጫማ ከነሶሉ ነጭ መሆን አለበት። በ2013 ሮጀር ፌደረር ብርቱካናማ ሶል ያለው ጫማ ተጫምቶ ቢገባ ለሚቀጥለው ጨዋታ እንዲቀይር ተነገረው። በሣር ላይ የሚፈቀደው የሶል ጥርስም ልክ አለው።

ቀጥሎ ዳኛው ስም ሆነ

ሃያኛው ክፍለ ዘመን ሲገባ ትልልቅ የጎማ ኩባንያዎች ወደ ጫማ ገቡ። አሜሪካ ውስጥ በ1916 «ኬድስ»፣ በ1917 ደግሞ የኮንቨርስ «ኦል ስታር» ለገበያ ቀረቡ። ኮንቨርስን ያስተዋወቀው ሰው ቻክ ቴይለር እንደ እኛ ሻጭ ነበር። በ1921 ኩባንያውን ከተቀላቀለ በኋላ ከከተማ ከተማ እየዞረ ለወጣቶች ቅርጫት ኳስ እያሠለጠነ ጫማውን ይሸጥ ነበር። ኋላም ስሙ በጫማው ላይ ታተመ። በ1935 ካናዳዊው የባድሜንተን ተጫዋች ጃክ ፐርሰል በስሙ የሚጠራ የሸራ ጫማ ወጣለት። እንግሊዛዊው ፍሬድ ፔሪም ከ1934 እስከ 1936 ዊምብልደንን ሦስት ጊዜ በተከታታይ ሲያሸንፍ የደንሎፕ «ግሪን ፍላሽ» የብዙ ሰው ምኞት ሆነ።

ከሁሉ ግን ለነጋዴ ትምህርት የሚሆነው የአዲዳሱ ነጭ ጫማ ታሪክ ነው። የቴኒስ ጫማ እስከዚያ ድረስ በአብዛኛው ሸራ ነበር። በ1960ዎቹ አዲዳስ ከፈረንሳዊው ተጫዋች ሮበርት ሃየ ጋር ሆኖ የቆዳ የቴኒስ ጫማ ሠራ። ቆዳው እግርን ወደ ጎን ሲታጠፍ ይዞ ያቆመዋል፤ ከሸራም ይበልጥ ይቆያል። ጥሩ ጫማ ነበር። ሃየ መጫወት ሲያቆም ኩባንያው ሌላ ስም ፈለገና አሜሪካዊውን ስታን ስሚዝን አገኘ። ስሚዝ በ1971 የአሜሪካን ኦፕን፣ በ1972 ዊምብልደንን ያሸነፈ ነው። ያው ጫማ በመጠኑ ተነካክቶ «ስታን ስሚዝ» ተብሎ ዓለምን አዳረሰ።

እንግዲህ አስቡት። ሶሉም ቆዳውም ያው ሆኖ የተቀየረው በላዩ ያለው ስም ነው። ገዥው ግን አዲስ ነገር ያገኘ መሰለው። ዛሬ ከጓንጁ ወይም ከዱባይ ድራጎን ማርት የምናመጣው አምሳያ ዕቃ ሁሉ የሚነግደው በዚህ ላይ ነው። የቻይናዋ ፑቲያን ከተማ ለታላላቅ ኩባንያዎች ጫማ እየሠራች እጇን አፍታታ፣ በኋላም በአምሳያ ጫማ ስሟ የታወቀ ሆነች። ስም ሊቀዳ ይችላል፤ ምቾትን መቅዳት ግን ይከብዳል።

የእኛው ሰው የሰጠው ፍርድ

ስለ ጫማ ምቾት ስናወራ ሻምበል አበበ ቢቂላን ሳናነሳ ማለፍ አንችልም። በ1960 የሮም ኦሎምፒክ የቀረበለት አዲስ ጫማ ለእግሩ አልተስማማውም። ስለዚህ በለመደው መንገድ በባዶ እግሩ ሮጠና ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸነፈ። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ጫማ ተጫምቶ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ፤ ማራቶንን በተከታታይ ሁለት ጊዜ በማሸነፍም የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

ብዙ ሰው ይህን ታሪክ ሲናገር «ጫማ አያስፈልግም» ወይም «ድህነት ነው» ወደሚል ይወስደዋል። ለእኛ ግን ሌላ ነገር ይነግረናል። አበበ የማይስማማ ጫማ ከምንም እንደሚብስ በእግሩ ፈረደ፤ የሚስማማውን ሲያገኝ ደግሞ ተጫምቶ ሮጠ። ዳኛው የጫማው ስም አልነበረም፤ እግሩ ነበር።

ሦስተኛው ዳኛ ቤተ ሙከራው

በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ሩጫ የብዙ ሰው ልማድ ሲሆን፣ የሩጫ መጽሔቶች ጫማን በቤተ ሙከራ እያስፈተሹ ደረጃ መስጠት ጀመሩ። ሶሉ ምን ያህል ይታጠፋል፣ ተረከዙ የምት ኃይልን ምን ያህል ይቀንሳል፣ ቶሎ ያልቃል ወይ ተብሎ በመሣሪያ ተለካ። በዚያው ዘመን «ኢቪኤ» የሚባለው ቀላል ስፖንጅ መሰል ነገር በእግርና በታችኛው ጎማ መካከል ገባ። በአሥር ዓመቱ መጨረሻ ላይ ናይኪ በአውሮፕላንና በሕዋ ሥራ ላይ የነበረ የፍራንክ ሩዲ የተባለ መሐንዲስ ሐሳብ ወስዶ በሶሉ ውስጥ የአየር ከረጢት አስገባ። አዲዳስም በ1989 የጫማው ፊትና ኋላ ለየብቻ እንዲጠማዘዝ የሚያደርግ «ቶርሽን» የሚባል አሠራር አወጣ።

ቤተ ሙከራው አንድ ትልቅ ነገር አስተማረ። የሩጫ ጫማና የቴኒስ ጫማ አንድ አይደሉም። ሯጭ ወደ ፊት ብቻ ይሄዳል፤ ስለዚህ ጫማው ቀላል፣ ተረከዙ ወፈር ያለና ለስላሳ ይሆናል። ቴኒስ ተጫዋች ግን በአብዛኛው ወደ ጎን ይሮጣል፣ በድንገት ይቆማል፣ የጫማውን አፍንጫ መሬት ላይ ይጎትታል። ስለዚህ የቴኒስ ጫማ ከመሬት ብዙ አይርቅም፣ ጎኖቹ ጠንካራ ናቸው፣ በአፍንጫው ላይ ተጨማሪ ጎማ አለው። ለአፈር ሜዳ የሚሆነው ሶል የዓሣ አጥንት የሚመስል ጥርስ አለው፤ ይዞ ይቆማል፣ አፈሩንም ይለቃል። ሲሚንቶ የሚመስለው ጠንካራ ሜዳ ሶልን እንደ ሞረድ ስለሚበላ፣ አንዳንድ አምራቾች ለሶሉ ብቻ የስድስት ወር ዋስትና ይሰጣሉ።

ይሁንና መሣሪያው ብዙ ከለካ በኋላ ነገሩ ወደ እግር ተመለሰ። በ2015 የካናዳው ካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ቤኖ ኒግና ባልደረቦቹ ስለ ሩጫ ጫማና ጉዳት የተጻፈውን ገምግመው፣ ሰው ጫማ ሲመርጥ የራሱን ምቾት ቢከተል ይሻላል የሚል ሐሳብ አቀረቡ። እግር የሚመቸውንና የማይመቸውን ያጣራል አሉ። ሮም ላይ የታየው ነገር ከሃምሳ አምስት ዓመት በኋላ በሳይንስ መጽሔት ወጣ ማለት ነው።

አራተኛው ዳኛ ገበያችን

የእኛ አካባቢ ሰው ይህን ሁሉ ሳያነብ የራሱን ፍርድ ሲሰጥ ኖሯል። ከአሮጌ የመኪና ጎማ የሚሠራውን በረባሶ የምናውቅ እናውቀዋለን፤ መልክ የለውም፣ ግን ድንጋይና እሾህ አያልፈውም፣ ዓመት ያገለግላል። አገልግሎትን ከመልክ በፊት ያስቀደመ ጫማ ነው።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ የቻይና ጫማ አዲስ አበባ ሲገባ የመርካቶ ጫማ ሠሪዎች ክፉኛ ተጎዱ። መልኩ አማረ፣ ዋጋው ረከሰ፣ ሰው ተሻማበት። ብዙ ሳይቆይ ግን ገዥው ዕድሜው አጭር መሆኑን አየ። የእኛዎቹም ጫማ ሠሪዎች ዝም ብለው አልተቀመጡም፤ የቆዳ ጫማቸውን ጥራትና ሞዴል አሻሽለው ገበያቸውን መልሰው ያዙ። የፈረደው ማስታወቂያ አልነበረም፤ ሰው ገዝቶ፣ ተጫምቶ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ የሰጠው ፍርድ ነው።

በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ ደግሞ ልባሹ፣ «ሚቱምባ» የሚሉት፣ ከ1990ዎቹ ወዲህ ገበያውን ሞላው። ናይሮቢ ጊኮምባ ወይም ካምፓላ ኦዊኖ የሄደ ሰው ያውቀዋል፤ ማዳበሪያው ሲፈታ ምርጡን ለማንሣት የሚደረገው ግፊያ ለብቻው ነው። ናይሮቢዎች ለምርጡ «ካሜራ» ይላሉ። ሰው ለምን ያገለገለ ጫማ ከአዲሱ ርካሽ ያስበልጣል? ተረከዙ በልቶ የነበረ ጥሩ ጫማ ገና ካልተለበሰ መናኛ ጫማ ይበልጥ እንደሚቆይ ስላየ ነው።

ይህ ፍርድ የፖለቲካ ጉዳይም ሆነ። በ2016 የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ መሪዎች የሀገር ውስጥ ፋብሪካ እንዲያድግ ብለው ልባሽ ልብስና ጫማ ማስገባትን ቀስ በቀስ ለማስቀረት ተስማሙ። የአሜሪካ ልባሽ ነጋዴዎች ማኅበር ለመንግሥቱ አቤት አለ። አሜሪካም ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድሉን፣ አጎዋን፣ እንደገና እንደምታጤን ስታስታውቅ ኬንያ፣ ታንዛኒያና ኡጋንዳ ወደ ኋላ አሉ። ሩዋንዳ ብቻ ከፍ ያለውን ቀረጥ አጸናች፤ በሐምሌ ወር 2018 አሜሪካ የሩዋንዳን የልብስ ከቀረጥ ነፃ ዕድል አገደች። ሁለቱም ወገን የሚለው እውነት አለው። ፋብሪካ የሌለው ሀገር ሁልጊዜ የሰው ልባሽ ለባሽ ሆኖ ይቀራል። በሌላ በኩል ለልጇ ትምህርት ቤት መሄጃ ጫማ የምትፈልግ እናት ፋብሪካው እስኪቆም መጠበቅ አትችልም። በሀገር ቤት ደግሞ ልባሽ ልብስ ለንግድ ማስገባት የተከለከለ ስለሆነ፣ ሕጉን ሳያጣሩ ድንበር ላይ አንድ ማዳበሪያ እንኳ ማሻገር አያዋጣም።

ጫማ በእጅ ሲዳኝ

ከዚህ ሁሉ ታሪክ በኋላ ወደ ሱቃችን እንመለስ። አዲስም ይሁን ያገለገለ፣ ከመግዛታችን በፊት የምናያቸው ነገሮች እነዚህ ናቸው።

ዕድሜውን እዩ። ከእኛ መካከል ይህ ያልደረሰበት ነጋዴ ጥቂት ነው፤ ከነካርቶኑ የመጣ፣ ምንም ያልተለበሰ ጫማ ገዥው እግር ላይ በሳምንቱ እንደ ዳቦ ፍርፋሪ ይፈረከሳል። ምክንያቱ ሙጫው ወይም ማስቲሹ ላይሆን ይችላል። «ፖሊዩሪታን» የሚባለው የሶል ዓይነት እርጥበትና ሙቀት ሲያገኘው በዓመታት ውስጥ ውስጡ ይፈርሳል፤ አለመለበሱ አያድነውም። እንደ ሞምባሳ፣ ጅቡቲና በርበራ ያሉ ወደቦች ደግሞ ሙቀትም እርጥበትም አላቸው። ስለዚህ ሶሉን በአውራ ጣት ተጫኑ። ዱቄት ካወጣ፣ ከተጣበቀ፣ ወይም ቢጫ ሆኖ ከተሰነጠቀ ተዉት። ብዙ ታዋቂ ጫማዎች በምላሱ ውስጥ ባለው ትንሽ ጨርቅ ላይ የተሠሩበትን ወር ያትማሉ፤ እሱን አንብቡ።

አጥፉት። ጥሩ ጫማ የሚታጠፈው የእግር ጣቶች ከሚጀምሩበት ቦታ ነው። መሐሉ ላይ እንደ ወረቀት የሚታጠፍ ጫማ እግሩን አይደግፍም። ፊቱንና ኋላውን ይዛችሁ ጠምዝዙት፤ በመጠኑ እንቢ ሊላችሁ ይገባል።

ተረከዙን ጭመቁ። ከኋላ ያለው ቅርጽ ጠንካራ ካልሆነ እግር ውስጡ ይንሸራተታል፤ ቁስል የሚመጣው ከዚያ ነው።

ስፖንጁን እዩ። «ኢቪኤ» ሲያልቅ አይፈረከስም፤ ይተኛል። ከጎኑ ብዙ የተሸበሸበ መሥመር ካለው የላዩ ንጽሕና አያታልላችሁ። ጫማውን ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስቀምጡና ከኋላ እዩት። ወደ አንድ ጎን ካዘመመ የቀድሞው ባለቤት አረማመድ ቀርቶበታል፤ የአዲሱን ገዥ ጉልበት ያስቸግራል።

ቁጥሩን በሴንቲሜትር አንብቡ። በአውሮፓ ቁጥር ሦስት ቁጥር ማለት ሁለት ሴንቲሜትር ነው። በእንግሊዝና በአሜሪካ አንድ ቁጥር የአንድ ኢንች ሲሶ ነው። በዚያ ላይ ፋብሪካው የሚጠቀምበት ፎርማ ስለሚለያይ የአንዱ 42 የሌላው 42 አይሆንም። መለያው ላይ «ሲኤም» ወይም «ጄፒ» በሚል የተጻፈው ቁጥር የእግር ርዝመት ስለሆነ ደንበኛን በወረቀት ላይ ለክቶ ከዚያ ጋር ማስተያየት ይሻላል። እግር ከቀትር በኋላ ስለሚያብጥ፣ ጠዋት ልክ የሆነው ማታ ይጠብባል።

በመጨረሻ ደንበኛውን ጠይቁት፤ ለምን ይፈልገዋል? ቤይሩት ወይም ዱባይ ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ ለምትቆም እህት የምንመርጠው ሌላ፣ ጠጠር መንገድ ለሚሄድ ተማሪ ሌላ፣ ኳስ ለሚጫወት ወጣት ሌላ ነው። ለሚቆም ሰው ያልተኛ ስፖንጅና ሰፊ የጣት ቦታ፣ ለሚሄድ ወፍራም የታች ጎማ፣ ወደ ጎን ለሚሮጥ ዝቅ ያለና ጎኑ የጠነከረ ጫማ ያስፈልጋል። የሩጫ ጫማን «ለሁሉም ይሆናል» ብሎ መሸጥ የደንበኛን ቁርጭምጭሚት አደጋ ላይ መጣል ነው።

ጫማውን ያስጫሙት፣ ክሩን አሥረው አምስት ደቂቃ ወዲያ ወዲህ ይበል፤ ወደ ጎንም ይራመድበት። ካልተመቸው አይሽጡለት። ዛሬ የቀረውን ዋጋ ነገ ጎረቤቱን ይዞ ሲመጣ ያገኙታል።